ራስጌ

ሊየፓያ፣ ጥር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ባሕሩ ግንባሩን ከወደቡ ድንጋይ ያላትማል፤
የሚዛኑ ቤት መስኮት ይንቀጠቀጣል።

ዳታቤዙን ትናንት ማታ አሳደስኩት፤
«አዲስ ነው፣ ፈጣን ነው» ሲሉኝ አመንኩት።
ዛሬ የሚዛኑን ፕሮግራም ዳግም ልገነባ
ብጀምር፣ ኮምፓይለሩ ከደጅ ቆሞ እንቢ አለ ሊገባ፤
«የተባለው ፋይል የለም።»
ሌላ ቃል አልጨመረም።

እንዴት የለም? ስሙ ተጽፏል፣ ተጠርቷል፤
ትልቁ ራስጌ «ታናሼን ጥሩልኝ» ይላል፤
ታናሹ ግን ከጥቅሉ ጋር አልተጫነም።
ላም አለኝ በሰማይ፤
ገመዷን ይዤ ቀረሁ፣ ላሟ የለችም።

ጉንዳርስ ከምድጃው አጠገብ ጓንቱን እያደረቀ
«ምን ጠፋብሽ ቬልታ?» ብሎ ጠየቀ።
ምን ልበለው? ሠላሳ ዓመት ዓሣ የመዘነ ሰው ነው፤
ኮድ ሲሉት ክንፍና ቅርፊት ያለው ነው የሚመስለው።
«ራስጌ ነው የጠፋኝ» አልኩት፣
«ከሁሉ በፊት የሚነበብ ወረቀት፤
ከኋላው የሚመጣውን በየስሙ የሚያስተዋውቅ፣
ማን ምን እንደሚሸከም የሚያውቅ።
እሱ ከሌለ ሁሉም እርስ በርሱ ባዳ ነው።»
ጉንዳርስ ሳቀ።
«የኔም አልጋ ራስጌ የለው፤
ኢልጋ ስትሄድ ነቅላ ወሰደችው።
ከዚያ ወዲህ በየት በኩል እንደምተኛ እንጃ፤
ስነቃ እግሬን ከትራሱ ላይ አገኘዋለሁ።»

ምንጩን አወረድኩ፣ ያልታሰረውን፣ ጥሬውን፤
አቃፊ ከአቃፊ ገለጥኩ፣
እጄ ቀዝቅዞ ፊደል እየሳትኩ።
አለ!
አርባ አንድ መስመር፣ ከተወለደበት ቤት ሳይወጣ
ቁጭ ብሎ የሚጠራውን ይጠብቃል።
ገልብጬ ከቦታው አኖርኩት፤
ፕሮግራሙ ተገነባ፤ ሚዛኑም ዜሮ አለ።
ዜሮ እንዲህ ያማረ ቁጥር መሆኑን አላውቅም ነበር።

«በቃ፣ ጋደም በይ» አለ ጉንዳርስ።
እውነቱን ነው፤ በዚህ ከተማ ከራስ በላይ ነፋስ፣
ጣራ የሚገነጥል ነፋስ።
ግን ነገ በሌላ ወደብ፣ በሌላ ሌሊት፣
ሌላ ሰው ከዚሁ ጉድጓድ ይገባል፤
እኔ የጣፍኩት የራሴን ክርን ነው፣
ጨርቁ እንደተቀደደ ነው።

ጥቅሉን የምታስረው ኤርሚንዳ ትባላለች።
ፓይሳንዱ፣ ኡራጓይ፤
ቀን ሒሳብ ታስተምራለች፣
ማታ ያለ ደመወዝ የሌላውን ሥራ ትጠቀልላለች።
እዚያ በጋ ነው፣ ገና ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፤
ማቴዋን ከቅሏ እየመጠጠች ይሆናል ያነበበችኝ።

ጠፊውን በስሙ ጠርቼ ጻፍኩላት።
ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መለሰች፦
«ጥፋቱ የኔ ነው። ጥቅሉን ለሁለት ስከፍለው፣
አንዱን ለሚጠቀሙ፣ አንዱን ለሚገነቡ፣
ይህን ልጅ ከሁለቱም ጣልኩት፤
እንደ ሁለት አክስቶች በገበያ መካከል፣
ይቺ ‹ከሷ ጋር ነው›፣ ያቺም ‹ከሷ ጋር ነው› ስትል።
አንድ መስመር ጨመርኩ። አሁን ሞክሪው።»

በእጄ ያኖርኩትን አጠፋሁ።
ይህ ነው የከበደኝ፤
የሚሠራን ነገር አፍርሶ የሰው ቃል ማመን።
የሷን ጥቅል ጫንኩ፤
ኮምፓይለሩ ምንም አላለም።
ዝም ካለ ወዷል ማለት ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጀልባዎቹ መጡ፣ በረዶ ለብሰው።
ጉንዳርስ ሣጥን እየጎተተ፦
«እናቴ ስፕራት ፋብሪካ ነበረች፤
ከቆርቆሮው እንዲገባላት ራሱን ትቆርጠው ነበር።
ያቺ ሴትዮም እንደሷ ሆና ይሆናል» አለ።

የመጀመሪያው ጭነት ሄሪንግ፣
አራት መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ።
ተመዘገበ።
ጉንዳርስ ቁጥሩን አየው፣ እኔን አየኝ፤
ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ
በደብተሩም ጻፈው።